ኮነር ማክዴቪድን የልጆቻችን መምቻ ዱላ አናድርገው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም እንደ እኔ እዚህ ቶሮንቶ አካባቢ ልጆቻቸውን አይስ ሆኪ የሚያስጫውቱ ሐበሻ ወላጆች ናቸው። አንዷ እህታችን ከሥሩ «እኛ ለካ ተኝተናል!» ብላበታለች።

ጽሑፉ የካናዳዊውን የአይስ ሆኪ ኮከብ የኮነር ማክዴቪድን ልጅነት ይተርካል። ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ኮነርን ወላጆቹ ገና በሦስት ዓመቱ አቅደው ሠሩት። ከትልልቅ ልጆች ጋር ስላጋጠሙት ጠነከረ። ጀማሪ እያለ የወደቀ ቡድን ብቻውን ተሸክሞ አነሳ። ሲነኩት ተደባድቦ ወንድነቱን አሳየ። ትምህርቱን ወደ ጎን ትቶ ለሆኪ ብቻ ኖረ። አንዴ «ልዩ ተጫዋች» ከተባለ በኋላ መንገዱ ተጠረገለት። እኛም ለልጆቻችን እንዲሁ ካላደረግን ዕድላቸውን በገዛ እጃችን ዘጋን፣ ይላሉ ጸሐፊው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ደስ ይላል። ለልጆቻችን ማሰባቸውም ያስመሰግናቸዋል። ግን የኮነርን ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው ያነበቡት። ውጤቱን አይተው ምክንያቱን ገመቱ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ያላለፍኩት ቅዳሜ ጠዋት ባየሁት ነገር ነው።

ገና ጎህ ሳይቀድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ነን። ክፍሉ እርጥብ ጓንት ይሸታል። ከጎኔ አንድ አባት ተንበርክኮ የልጁን የበረዶ ጫማ ክር ያጠብቃል። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። አባትየው ክሩን በሳበ ቁጥር አንድ ነገር ይናገራል። «ማክዴቪድ በአንተ ዕድሜ ከትልልቆች ጋር ነበር።» ሳብ። «ማክዴቪድ አይደክመውም ነበር።» ሳብ። ልጁ «አባዬ፣ አመመኝ» አለ። እግሩን ነው። አባትየው አልሰማውም። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት ሥራ እየሠራ ነው ልጁን የሚያስጫውተው። ጽሑፉን ሌሊት አንብቦት ነበር የመጣው። ራሱ ነገረኝ።

እናም ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥብ ወላጆቹ አቅደው ሠሩት የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ኮነር የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 1997 ሪችመንድ ሂል ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያደገው ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባለችው ኒውማርኬት ነው። በሦስት ዓመቱ በረዶ ላይ ወጣ። በዓመቱ ጨዋታ ጀመረ። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። አባቱ ብራያን በኋላ አሰልጣኙም ሆኗል። ታላቅ ወንድሙ ካሜሮንም ይጫወት ነበር። ታናሽ ታላቁን እያየ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም ቤት አለ። ቤቱ የሆኪ ቤት ነበር። ይህን አልክድም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ደጃፋቸው ላይ ያለችው የመኪና ማቆሚያ ናት። ኮነር ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ይደረድራል። የሆኪ ዱላዎች ያጋድማል። ጎማ ያለውን መንሸራተቻ ጫማ ያደርጋል። ከዚያ በእንቅፋቶቹ መካከል እየተሽሎከሎከ ያልፋል። ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ያያል። እንደገና ይጀምራል። ለሰዓታት። ዛሬ ለኤድመንተን ኦይለርስ ሲጫወት በሙሉ ፍጥነት እየበረረ ሁለት ተከላካይ መሃል ሲሾልክ አይታችሁ ይሆናል። ፓኳ (የሆኪዋ ጠፍጣፋ ኳስ) ከዱላው ጫፍ ሳትለይ። ያን ሳይ ያቺ ደጃፍ ነች ትዝ የምትለኝ።

ቆርቆሮውን የደረደረው ልጁ ነው። ጸሐፊው የሳቱት ይህን ነው። ወላጆቹ ሜዳ ወሰዱት፣ ከፈሉ፣ ነዱ፣ በብርድ ቆሙ። ፍላጎቱን ግን እነሱ አልተከሉትም። ልጁ ሲሮጥ እነሱ ተከተሉት። እኛ ደግሞ ጽሑፉን አንብበን ልጁን ከፊት ሆነን ልንጎትት ተነሳን።

ሁለተኛው ነጥብ የዕድሜው ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆች የሚጎዱበት ነጥብ ነውና።

እውነት ነው፣ ኮነር በአራት ዓመቱ ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር እንዲጫወት ወላጆቹ ዕድሜውን ጨምረው ነው ያስመዘገቡት። ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ሊግ ስላልነበረ ነው። ስድስት ሲሞላው ደግሞ ከፍ ወዳለ ዕድሜ ሊያስገቡት ጠየቁ። የኒውማርኬት ማኅበር አልፈቀደም። ስለዚህ አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ወስደው ከትልልቅ ልጆች ጋር አስገቡት። ጸሐፊው ይህን ይዘው «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይሉናል።

ግን ቀጥሎ የሆነውን አልነገሩንም። ኮነር ከዚያ በኋላ ብዙውን የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው ዮርክ ሲምኮ ኤክስፕረስ በሚባል የአካባቢ ቡድን ነው። አባቱ አሰልጣኝ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር አራት ጊዜ የኦንታሪዮ የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነ። ወደ ቶሮንቶ ማርልቦሮስ ቡድን ሲዛወርም ሲጫወት የነበረው በአንድ ዓመት ከሚበልጡት ጋር ነው። አንድ ዓመት ብቻ! በ2011-12 የውድድር ዘመን በ88 ጨዋታ 79 ጎል አገባ፣ 130 ጎል አመቻቸ። ድምሩ 209 ነጥብ ነው። በሆኪ ጎል ያገባም ያመቻቸም አንድ አንድ ነጥብ ያገኛል። ይህን ያህል ለሠራ ልጅ አንድ ዓመት ከፍ ማለት ምንም አልነበረም። ለእኔ ልጅ ግን ብዙ ነው። ልጄን እወደዋለሁ፤ ያለበትንም አውቃለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በሆኪ በሰውነት መገጫጨት የሚፈቀደው ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ነው። ሆኪ ካናዳ በ2013 ባወጣው ውሳኔ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች እርስ በርስ እንዳይገጫጩ በመላው አገሪቱ ከልክሏል። ዋናው ምክንያት የጭንቅላት ጉዳት ነው። ስለዚህ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅን ጎትታችሁ መገጫጨት ወደተፈቀደበት ዕድሜ ብታስገቡት፣ የምታስገቡት ከክህሎቱ በላይ ወደሆነ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ገና ሳይዘጋጅ ከሜዳው ዙሪያ ግድግዳ ጋር የሚያላትሙት ልጆች መሃል ነው። አንዳንዶቹ ልጆች በዚያ ዕድሜ ከእናታቸው ቁመት ያልፋሉ።

«ልዩ ተጫዋች» የሚለው ፈቃድም የወጣው ለዚህ ነው። ኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ የታዳጊ ወጣቶች ትልቁ ሊግ ነው። በደንቡ ልጆች የሚመረጡት 16 በሚሞላቸው ዓመት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚታየው ጎል ብቻ አይደለም። ብስለቱና ትምህርቱም ይታያል። ፈቃዱን መጀመሪያ ያገኘው ጆን ታቫሬስ ነው፣ በ2005። ቀጥሎ አሮን ኤክብላድ በ2011። ሦስተኛው ኮነር በ2012። ሆኪ እንደ ሃይማኖት በሚታይበት ክፍለ ሀገር፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ልጅ! ልዩ የተባለውን ነገር ለሁላችንም ልጆች ደንብ አድርጎ ማቅረብ ልክ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ «ብቻውን ተሸክሞ አነሳ» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ነው። ምክንያቱም የኮነር የጀማሪነት ዘመን ውበቱ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኮነርን በ2012 ከሁሉም ልጆች አንደኛ አድርጎ የመረጠው የዚሁ ሊግ ቡድን ኢሪ ኦተርስ ነው። ኢሪ ድንበር ማዶ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቡድኑ ያን ዓመት 68 ጨዋታ አድርጎ 10 ብቻ ነበር ያሸነፈው። በሊጉ የመጨረሻው ነበር። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ሌላ አገር ሄዶ፣ በሰው ቤት እያደረ ለዚህ ቡድን ሊጫወት ገባ።

በጽሑፉ ከሄድን ቡድኑ ወዲያው መነሳት ነበረበት። አልተነሳም። ኮነር በመጀመሪያ ዓመቱ በ63 ጨዋታ 25 ጎል አግብቶ 41 አመቻቸ። 66 ነጥብ ማለት ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ኢሪ ግን ያንን ዓመትም ለጥሎ ማለፍ አልደረሰም። በዓመቱ መሃል አሰልጣኝ ተቀየረ። ክሪስ ኖብሎክ መጣ። (ይኸው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ኤድመንተን ላይ እንደገና የኮነር አሰልጣኝ ሆኗል።) ልጁ ያንን ሁሉ ሽንፈት ቁጭ ብሎ አሳለፈ። ዝውውር አልጠየቀም፤ ወላጆቹም ቡድን ለማስቀየር አልሮጡም። እኛ ሠፈር ልጁ ሁለት ጨዋታ ከተሸነፈ ቡድን የሚያስቀይር ወላጅ አለ።

ኢሪ የተነሳው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ በ2013-14። 52 ጨዋታ አሸነፈ። ግን ማን ነበር ያንን ዓመት በጠቅላላ ሊጉ አንደኛ ነጥብ ያስቆጠረው? ኮነር ማክዴቪድ አይደለም። የቡድን ጓደኛው ኮነር ብራውን ነው፣ በ128 ነጥብ። ዴን ፎክስ ደግሞ ብቻውን 64 ጎል አገባ። ከስዊድን የመጣው አንድሬ ቡራኮቭስኪ አለ። ማክዴቪድ በ56 ጨዋታ 99 ነጥብ ነበረው። ከነዚህ ውስጥ ጎሎቹ 28 ብቻ ናቸው። 71ዱ ለሌላ ሰው ያመቻቸው ነው።

እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። 28 ለራሱ፣ 71 ለጓደኞቹ።

በሦስተኛው ዓመት በ47 ጨዋታ 120 ነጥብ አገኘ። 44 ጎል፣ 76 ማመቻቸት። የሊጉ ብቻ ሳይሆን የመላው ካናዳ የታዳጊ ወጣቶች ሊጎች የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ያኔም ቢሆን የሊጉን የነጥብ አንደኝነት የወሰደው ሌላ የቡድን ጓደኛው ነው፤ ዲላን ስትሮም በ129። ከጎናቸው አዲስ የመጣው አሌክስ ዴብሪንካት በመጀመሪያ ዓመቱ 51 ጎል አገባ። በጥሎ ማለፉ ኮነር በ20 ጨዋታ 49 ነጥብ ሠራ። ፍጻሜ ደረሱ። በኦሻዋ ጄነራልስ ተሸነፉ። ከተሸነፈው ቡድን ሆኖ የጥሎ ማለፉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት እሱ ወሰደ። የሊጉን ዋንጫ ግን ሳይነካ ነው የወጣው። ኢሪ ዋንጫውን ያነሳው በ2017 ነው። ያኔ እሱ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

አያችሁ? ብቻውን አልተሸከመም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት አባቶቻችን እዚህ ጋ ልክ ናቸው። ጸሐፊው ሃምሳውን ሎሚ አንድ ልጅ ላይ ጫኑት። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ የሚማሩት ፓኳን አለማቀበል ነው። ባለፈው ክረምት የልጄ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ለብቻው እየነዳ ሄዶ ሄዶ ከግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ሁለት ጓደኞቹ ጎሉ ፊት ባዶ ቆመው ዱላቸውን በረዶው ላይ ያንኳኳሉ፤ «አቀብለኝ» ማለት ነው። ከመቀመጫዎቹ ደግሞ «ራስህ ግባ! ራስህ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአማርኛ ነበር።

ስለ ድብድቡ ደግሞ። ኖቬምበር 11 ቀን 2014 ኮነር ከሚሲሳጋ ቡድን ተጫዋች ጋር ተደባደበ። ጸሐፊው ይህን «የጀግና ልጅ ምላሽ» አድርገው ነው ያቀረቡት። የሆነው ግን ይህ ነው። ሲሰነዝር እጁ ግድግዳውን መታ። አጥንቱ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ በ18 ጨዋታ 51 ነጥብ ላይ ነበር። ከሊጉ በሙሉ ማንም የማይደርስበት ፍጥነት ነው። አቆመው። ከወር በላይ ከጨዋታ ወጣ። የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና ሊጀመር ነው፤ ያውም በራሱ አገር፣ ሞንትሪያልና ቶሮንቶ። ይደርሳል አይደርስም እየተባለ አገሩ በሙሉ ተጨነቀ። እንደ ምንም ደረሰ። 7 ጨዋታ፣ 11 ነጥብ፣ ካናዳ ሩሲያን 5 ለ 4 አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። ባይደርስስ? ለአንዲት ቡጢ ብሎ ያንን ሁሉ ሊያጣ ነበር።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ሽልማት አለ። ኮነር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2013-14፣ የሊጉን የጨዋነት ሽልማት ወስዷል። ቅጣት ሳያበዛ፣ ሥነ ምግባር ጠብቆ በመጫወት የሚሰጥ ነው። ድብድቡ የእሱ ጠባይ አልነበረም፤ አንድ ቀን የተሳሳተው ስሕተት ነው። ሊጉም ራሱ ከ2012 ጀምሮ ድብድብ የሚያበዛን ተጫዋች በእገዳ እየቀጣ ነው።

እኛ እኮ ይህን ጨዋታ በሩቁ እናውቀዋለን። በቆለመመ ዱላ፣ በሜዳ ላይ፣ ሁለት ቡድን ሆኖ መምታት። ገና ነው! አያቴ በገና ጨዋታ እግሩን ተመትቶ ጠባሳ ነበረው። ሲያሳየን ግን አንድም ቀን የመታውን ሰው ስም በክፉ አንስቶ አያውቅም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነበር የሚለን። ልጄን የማስተምረው ይህንን ነው። ጓንት አውልቆ መደባደብን አይደለም።

ትምህርቱን ትቶ ነው የሚለው ደግሞ ፍጹም ስሕተት ነው። ኮነር በማርልቦሮስ ሳለ የሚማረው ቶሮንቶ ውስጥ ለስፖርተኞች በተዘጋጀ ትምህርት ቤት ነበር። ስፖርቱና ትምህርቱ አንድ ላይ እንዲሄዱ የተደራጀ ነው። ኢሪ ከገባ በኋላ ደግሞ የኦንታሪዮ ሆኪ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተማሪ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በ2014 እና በ2015፣ ተከታትሎ። በዚያው በ120 ነጥቡ ዓመት ማለት ነው።

ለወላጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሊግ የሚጫወት ልጅ ለተጫወተበት ለያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይዘጋጅለታል። ለብዙዎቹ ልጆች ከሆኪ የሚተርፈው ዋናው ነገር ይህ ነው። ድሮ አንድ ችግር ነበር። በካናዳ ትልቁ የታዳጊ ሊግ አንዴ የተጫወተ ልጅ ለአሜሪካ ኮሌጅ ቡድኖች መጫወት አይችልም ነበር። ቤተሰብ በ15 እና በ16 ዓመት ልጅ ላይ አንዱን መንገድ መርጦ ሌላውን መዝጋት ነበረበት። ይህ ደንብ በኖቬምበር 2024 ተቀይሯል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። የኮነር ወላጆች ያላገኙት ጊዜ ለእኛ ልጆች ተሰጥቷል። እና አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ትምህርቱን ተዉት ብሎ መምከር ምን ማለት ነው?

የመጨረሻው «መንገዱ ተጠረገለት» የሚለው ነው። ሾን ዴይን ታውቁታላችሁ? አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። ከኮነር ቀጥሎ፣ በ2013፣ ያንኑ የልዩ ተጫዋች ፈቃድ ያገኘ ልጅ ነው። በ2016 በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በኤን.ኤች.ኤል፣ ምልመላ ላይ ተራው የደረሰው 81ኛ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ዙር። ፈቃዱ አንድ ነበር፤ የደረሱበት ግን ሌላ ሌላ ነው። ወደኋላ ሄደን ደግሞ አሌክሳንድር ዴግልን እንይ። በ1993 በዚያው ምልመላ ከሁሉም አንደኛ ሆኖ በኦታዋ ተመረጠ። ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት የአምስት ዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ውል ተሰጠው። ያን ያህል ገንዘብ ለጀማሪ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። የተባለውን ያህል ሳይሆን ቀረ። በ2000 ሆኪን ጭራሽ ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። እነዚህ ልጆች ሰነፍ አይደሉም። ወላጆቻቸውም አልተኙም። የ15 ዓመት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን በዛሬው ማወቅ ስለማይቻል ነው።

የኮነርም መንገድ ቢሆን አልተጠረገም። በ16 ዓመቱ፣ እንደ ሆኪ ታላላቆቹ እንደ ግሬትዝኪ፣ እንደ ሊንድሮስ፣ እንደ ክሮዝቢ፣ በዚያ ዕድሜ ለካናዳ በዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና ለመሰለፍ ከበቁት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ወደ ስዊድን ሄደ። አንድ ጎል አገባ። ካናዳ አራተኛ ወጣች፤ ሜዳልያ የለም። በ2015 ኤድመንተን ከሁሉም አንደኛ አድርጎ መረጠው። በመጀመሪያ ጨዋታው ምንም ነጥብ አላገኘም። ኖቬምበር 3 ቀን 2015፣ በ13ኛ ጨዋታው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። ሦስት ወር ወጣ። ተመልሶ በ45 ጨዋታ 48 ነጥብ ይዞ ዓመቱን ጨረሰ። በ19 ዓመቱ አምበል ሆነ። ያኔ በኤን.ኤች.ኤል ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አምበል ነበር። ሁለት ጊዜ የተሰበረ፣ ሁለት ዓመት ሲሸነፍ የኖረ ልጅ ነው አምበል የሆነው። ጸሐፊው ይህንን ሁሉ በአንድ አረፍተ ነገር ዘለሉት።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጸሐፊው «ተበድራችሁም ቢሆን» ይላሉ። ሆኪ ውድ ነው። የበረዶ ሜዳ ኪራይ አለ። ጫማው በየዓመቱ ይጠባል። ዱላ ይሰበራል። ውድድር ሩቅ ነው፤ ሆቴል አለ። በብድር የሚጫወት ልጅ ደግሞ ብድሩን ያውቀዋል። ማታ ወላጆቹ ሲያወሩ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚስተው እያንዳንዱ ጎል የእናቱ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው የሚመስለው። የስምንት ዓመት ልጅ ይህንን መሸከም የለበትም። ያገለገለ ዕቃ ግዙ። ከአካባቢ ሊግ ጀምሩ። እኛም እንዲህ ነው ያደረግነው።

ጸሐፊው በመጨረሻ «ልጅህ ከጨዋታ ሲመለስ መኪና ውስጥ ምን ትጠይቀዋለህ?» ብለው ሁላችንን ጠይቀዋል። የእሳቸው መልስ «ስንት አገባህ?» ነው። የእኔን ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ 6 ለ 1 ተሸነፉ። መኪና ውስጥ «ራበህ?» አልኩት። «በጣም» አለኝ። ሚስቴ በአሉሚኒየም የጠቀለለችውን እንቁላል በዳቦ ሰጠሁት። ግማሹን በልቶ እያኘከ ተኛ። ፀጉሩ ገና እርጥብ ነበር። ቤት ስንደርስ ተነሳና መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋራዡ ነው። ዱላውን አውጥቶ አንዲት የቴኒስ ኳስ ግድግዳው ላይ ይመታ ጀመር። አልጠየቅሁትም፤ አላዘዝኩትም። እስኪመሽ መታት።

ወንድሜ፣ ጽሑፉን የጻፉት እርስዎ ይህን ካነበቡ፣ አካባቢው ላይ ከሆኑ ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። ከሜዳው ጀርባ ያለው መቀመጫ ይበርዳል፤ ጋቢ ይያዙ። ሻይ በፔርሙስ እኔ አመጣለሁ። የዚያን የስምንት ዓመት ልጅ አባትም እጠራዋለሁ። አብረን እንያቸው።